ሰባቱ ካርቶኖች ከወንድሜ ቤት ስለወጡበት ጠዋት

የምስክር ቃል

መጠሪያ፦ «ወንፊት»፤ ወንድሟ ያወጣላት፣ ቤተሰቡም ጎረቤቱም የሚጠራበት
ዕድሜ፦ ሰባ አንድ ዓመት
ሥራ፦ ጡረተኛ፣ ቀድሞ የልብስ ስፌት አስተማሪ
አድራሻ፦ ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ባለው ቤት፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር
ቃሏን የሰጠችበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት
ጉዳዩ፦ ከአንድ አዛውንት ደራሲ መኖሪያ ቤት ተወሰዱ የተባሉ ሰባት ካርቶን የእጅ ጽሑፎች

እኔ ከላይ የተገለጽኩት ምስክር ከሳሿንም ተጠርጣሪውንም አውቃቸዋለሁ። ከሳሿ የወንድሜ ብቸኛ ልጅ ስትሆን በሙያዋ ፋርማሲስት ናት። ተጠርጣሪው የቤተ መዛግብት ባለሙያ ነው። ወረቀት በነካ ቁጥር ነጭ የጥጥ ጓንት ስለሚያጠልቅ በቤታችን «ጓንቱ» እንለዋለን፤ ይህን ራሱም ያውቃል፣ አይቀየምም። ካርቶኖቹ የወንድሜ ናቸው። ወንድሜ መጽሐፍ በመጻፍ ጥርሱን የነቀለ ሰው ነው፤ አሁን ሰማንያውን አልፏል። እኔ የምጠራው ጋሼ እያልኩ ነው።

የተጠየቅሁት ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ጓንቱ ካርቶኖቹን ያለ ፈቃድ ወስዷል ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው፣ ወንድሜ በዚያን ቀን የሚያደርገውን ያውቅ ነበር ወይ የሚል ነው። ሁለቱንም እመልሳለሁ። መልሴ ለእኔ እንደማይበጀኝ ግን አስቀድሞ ይጻፍልኝ። ከካርቶኖቹ በአንዱ ውስጥ ስለ እኔ የተጻፈ፣ ገና ያልታተመ መጽሐፍ አለ። ሰው እንዲያነበው አልፈልግም። ካርቶኖቹ ተሰርቀዋል ብል፣ ወይም ወንድሜ አእምሮው ከድቶታል ብል፣ ያ መጽሐፍ ተመልሶ ይቆለፍበታል ተብሎ ቃል ተገብቶልኛል።

የጋሼ ሚስት ከሞተች ወዲህ አብሬው እኖራለሁ። ምዕራፍ በጨረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚያነበው ለእኔ ነው። እኔ ልብስ እተኩሳለሁ ወይም ሽንኩርት እልጣለሁ፣ እሱ በሩ ላይ ወንበር ስቦ ያነባል። ያልጣመኝን እነግረዋለሁ። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት በአንድ እጇ ሕፃን አቅፋ በሌላው እጇ አንሶላ ስታጥፍ ጽፎ ነበር። እስቲ አንተ ሞክረው ብዬ ትራስና አንሶላ ሰጠሁት። ሞከረው፣ ተሳቀቀ፣ ሰረዘው። ወንፊት የሚለውን ስም ያወጣልኝ ያን ዕለት ነው። መርማሪው ይህ ለጉዳዩ አያስፈልግም ብሎኛል። እኔ ግን ያስፈልጋል ብያለሁ፤ ጋሼ መቼ ልቡ እንዳለና መቼ እንደሌለ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ ስለሚያሳይ ነው።

ጋሼ መርሳት መጀመሩን አልክድም። መነጽሩን ፍሪጅ ውስጥ አግኝቼለታለሁ። ምሳ በልቶ ሳህኑ ሳይነሳ ምሳ አልደረሰም ወይ ይላል። ልጁን በሟች እናቷ ስም ይጠራታል፤ እሷም «አቤት» ትለውና ጓዳ ገብታ ታለቅሳለች። የቧንቧ ሠራተኛው በረደኝ ቢለው ካፖርቱን አውልቆ ሰጠው፤ በነጋታው ካፖርቴን ማን ወሰደው ብሎ ቤቱን ቀውጢ አደረገው። ልጁ በዚህ ሁሉ ብትሰጋ አልፈርድባትም። ሲበዛ ትቆጣጠረዋለች እንጂ ትወደዋለች። ይሁን እንጂ ጋሼ የሚረሳው የዋለበትንና ያደረበትን ነው። አንድ ጽሑፍ ፊቱ ሲቀመጥ የድሮው ሰው ይመለሳል፤ ነጠላ ሰረዝ እንኳ አያመልጠውም።

ከጥቂት ወራት በፊት የመጨረሻውን መጽሐፉን ያነብልኝ ጀመር። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ካውያው በእጄ ላይ እንዳለ ቀረ፤ የጋሼን ሸሚዝ አቃጠልኩት። የሚያነበው ስለ እኔ ነበር። ስሜን ለውጦታል፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ግን እንዳለ ትቶታል። እኔ ወጣት ሳለሁ ታምሜ አንድ ዓመት የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቻለሁ። ቤተሰባችን ለሰው ሁሉ ስፌት ልትማር ሌላ ከተማ ሄዳለች አለ። እኔም ይህንኑ እየተናገርኩ አረጀሁ። ስፌቱን የተማርኩት እዚያው ሆስፒታል ውስጥ ስለሆነ ጨርሶ ውሸት ነው አይባልም። ጎረቤቶቼም ሆኑ ያስተማርኳቸው ልጆች ይህን አያውቁም። ለማያውቀኝ ሰው ስናገረው ይህ የመጀመሪያዬ ነው። (ምስክሯ ውሃ ጠይቃ፣ ጠጥታ ቀጥላለች።)

መጽሐፉን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። ከዚያ ጋሼን እኔ ሳልሞት ይህ ነገር ከዚህ ቤት አይወጣም አልኩት። እሱ ደግሞ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው አለኝ። እኔ ስለ ራሴ አወራለሁ፣ እሱ ስለ መጽሐፉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘጋሁት። ምግቡን አቀርብለታለሁ፣ ልብሱን አጥብለታለሁ፣ አላናግረውም። እሱ ግን መኳረፋችንን እየረሳ ጠዋት ጠዋት እየሳቀ «ደህና አደርሽ?» ይለኛል። ይህ ደግሞ የባሰ ያናድዳል።

ጓንቱ ቤታችን መምጣት የጀመረው ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። የጠራው ጋሼ ራሱ ነው። የዛገውን ስፒል ከወረቀቱ ላይ እየነቀለ፣ ገጹን በየተራው እያስቀመጠ፣ ጥግ ላይ በእርሳስ ቁጥር ይጽፍበታል። እስክሪብቶ ወደ ክፍሉ አያስገባም። በገዛ ቤቴ ሻይ ይዤ እንዳልገባ ከልክሎኝ ተጣልተናል፤ ውሃ ቀጠነ ብሎ የሚቆጣ ሰው ነው። ሆኖም ሳያስፈቅድ አንድ ወረቀት ይዞ ሲወጣ አይቼው አላውቅም። ጋሼ ሳሙናና ክብሪት ግዢ ብሎ የጻፈልኝን ብጣሽ ሳይቀር «ይህ ይቀመጥ ወይስ ይጣል?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ይቀመጥ ተብሎ ተቀምጧል፤ ሳሙናዬም ለታሪክ በቅቷል ማለት ነው።

ሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አካባቢ ጓንቱ ከአንድ የጭነት መኪና ሹፌር ጋር መጣ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ልብስ እተኩስ ነበር፤ የሚሠራው ሶኬት እዚያ ስለሆነ ነው። የጋሼ የሥራ ክፍል በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁ። ጓንቱ መሥሪያ ቤቱ ያዘጋጀውን የስጦታ ውል ጮክ ብሎ አነበበ። ጋሼ እንደገና አንብብ አለው። የማሳተም፣ የማስተርጎምና ፊልም የማድረግ መብት በሙሉ ለቤተ መዛግብቱ ይተላለፋል የሚለው ጋ ሲደርስ እጁን አንስቶ አስቆመው።

«ወረቀቱን ውሰድ፣ መብቱን ተው» አለው። «ወረቀቱን እዚህ ባስቀምጠው አይጥና እርጥበት ይጨርሰዋል፤ ስለዚህ አንተ ጠብቅልኝ። መብቱ ግን በሕይወት እስካለሁ የእኔ ነው፣ ከዚያ ወዲያ የልጄ። ኑዛዜዬ ላይ አስፍሬዋለሁ። አንድ ነገር ለሁለት ሰው ሰጥቼ አጣልቻቸው ልሂድ እንዴ?»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ለሁሉም የምንጠቀምበት ቅጽ ስለሆነ ነው፤ ይሰረዛል» አለ ጓንቱ።

መስመሩን ሰረዘው፣ ጋሼም ከጎኑና ከውሉ ግርጌ ፈረመ። ሹፌሩ ስድስቱን ካርቶኖች አወጣ። ሰባተኛውን ጋሼ ራሱ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ አቅፎ አመጣው። የእኔ መጽሐፍ ያለው እሱ ውስጥ ነው። ጓንቱ ይህኛው ለአንባቢ የሚከፈትበት ጊዜ ይወሰን ወይ ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ወደ እኔ ዞረና «ምን ትያለሽ ወንፊት?» አለኝ። ኩርፊያ ላይ ስለነበርኩ አልመለስኩለትም። ካርቶኑን እንዳቀፈ ቆሞ ጠበቀኝ። መልስ ሲያጣ «እንግዲያው ይሂድ» አለ። ዛሬ ሳስበው፣ ያኔ አፌን ብከፍት ኖሮ እኔ እስክሞት ይታሸግ ነበር። እልኸኝነቴ ነው የጎዳኝ። በምስክር ቦታ ላይ እንድፈርም ሲለምነኝም «ብሞት አልፈርምም» ብዬ ካውያውን ነቅዬ ወጥ ቤት ገባሁ። ውሉ ላይ የምስክር ፊርማ የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። ጓንቱ ሽማግሌ አታሎ በድብቅ አላስፈረመም።

ማክሰኞ ጠዋት ጋሼ ተነስቶ ባዶውን መደርደሪያ ሲያይ «ተዘረፍኩ!» ብሎ ጮኸ። ፒጃማውን እንደለበሰ ደጅ ወጣ። ጎረቤት ተሰበሰበ። ልጁ ነጭ ጋዋኗን ሳታወልቅ ከፋርማሲው እየሮጠች መጣች። ማን ወሰደው ስትለው «እንጃ ልጄ፣ ማንም አልጠየቀኝም» አላት። አልዋሸም፤ ረስቶ ነው። እኔ እዚያው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አንድ ቃል ብናገር ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር። ዝም አልኩ። ካርቶኑ ሊመለስልኝ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነው ዝም ያልኩት፤ ለዚህ ሰበብ አላበጅለትም። ልጁ ወረቀቱን የሚያገላብጠው ጓንቱ ነው ብላ ከሰሰችው፤ ከሰዓት በኋላ ከሥራ ገበታው ላይ ተይዞ መወሰዱን ስሰማ ግን ደስታዬ እዚያው ቀረ።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የወንድሜ ልጅ ወጥ ቤት ድረስ መጣች። በሩን ዘጋችና እጄን ያዘችኝ።

«እትዬ፣ ያ መጽሐፍ ስለ አንቺ መሆኑን አውቃለሁ። አባዬ ጠረጴዛ ላይ ትቶት ጥቂት ገጽ አንብቤ ነበር» አለችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። «እኔ ዘንድ አንቺ ያው አንቺ ነሽ፤ ግን ሰው አፉ ክፉ ነው። ነገ ሲጠይቁሽ የአባዬ አእምሮ አይሠራም በይልኝ። ፍርድ ቤቱ ካመነ የሱን ጉዳይ ሁሉ እኔ እይዛለሁ፣ መጽሐፉንም እቆልፍበታለሁ። አንቺም ታርፊያለሽ፣ እሱም ለመጣ ለሄደው እየሰጠ ባዶ ቤት አይቀርም።»

«ጓንቱስ?» አልኳት።

«ካርቶኑ ይመለስ እንጂ ክሱን አነሳለታለሁ። ሰውዬውን እስር ቤት ላበሰብሰው አይደለም እኮ።»

«ሌባ ተብሎ ከተያዘ በኋላ ማን ወረቀቱን አምኖ ይሰጠዋል?» አልኳት። ሁለታችንም አለቀስን። በመጨረሻ እሺ ብዬ ሸኘኋት። ዛሬ እዚህ የገባሁትም እሺ እንዳልኩ ነው።

ሐሳቤን ያስለወጠኝ የመርማሪው ጥያቄ ነው። «ወንድምዎ ለራሳቸው መወሰን ይችላሉ ወይስ አይችሉም?» አለኝ። ይህን ጥያቄ አውቀዋለሁ። ሆስፒታል የገባሁ ዕለት ሐኪሙ ስለ እኔ ይህንኑ ጠይቋል። አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። «አትችልም» ብሎ የመለሰውም የፈረመውም ጋሼ ነው። አባታችን በሕይወት ስላልነበር የቤቱ ታላቅ እሱ ነበር። መታመሜን አልክድም። ማን እንደሆንኩና ምን እንደምፈልግ ግን አውቅ ነበር። ከዚያ ፊርማ በኋላ ብርዱ ጠናብኝ ብል ሕመሟ ነው ተባለ፣ ተሽሎኛል ቤቴ ውሰዱኝ ብልም ሕመሟ ነው ተባለ። ዓመቱን ሙሉ የሚሰማኝ አጣሁ። ጋሼ በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ የጻፈው ይህንን ነው። ሲያነብልኝ ድምፁ ተቆራርጦ ነበር፣ እኔም አላዘንኩለትም።

ስለዚህ መልሴ የሚከተለው ነው። ሰኞ ጠዋት ወንድሜ ምን እንደሚሰጥ፣ ለማን እንደሚሰጥ፣ ለልጁም ምን እንደሚያስቀር አሳምሮ ያውቅ ነበር። በነጋታው ረሳው እንጂ ሲሰጥ ልቡ ሙሉ ነበር። ጓንቱ አልሰረቀም፤ ወደ ሥራው ይመለስ። የማሳተሙ መብት ጋሼ ሲያልፍ ለልጁ እንደሚሆን፣ መጽሐፉን ማውጣትም መቅበርም ያኔ የእሷ ፈንታ እንደሚሆን ገብቶኛል። አሁን ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችኝ ነው። ወጥቼ ምን እንደምላት አላውቅም፤ ፈርቻለሁ። እኔ ራሴ ሆስፒታል የተኛሁ ስለሆንኩ ቃሌ አይታመንም የሚል ቢመጣ፣ የሚመጣውን እቀበላለሁ።

መርማሪው ይህን የምናገረው ወንድሜን ይቅር ስላልኩት እንደሆነ ጠይቆኛል። አላልኩትም፤ እንዳልታረቅን ይጻፍልኝ። እሱ ያኔ በእኔ ላይ የፈረመውን ግን እኔ በእሱ ላይ አልፈርምም።

ይህ ቃል እኔ እየተናገርኩ መርማሪው የጻፈው ነው። ጨርሶ አንብቦልኛል፤ ያልተስማማሁበትን ቦታ አሳርሜዋለሁ። በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት ውጪ የጨመርኩት የለም። ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ ተነግሮኝ፣ ማንም ሳያስገድደኝ በገዛ እጄ ፈርሜያለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ፦ (ተፈርሟል)