በጃንዋሪ የከፈትኩት ኤሲ

ሦስት ሺህ ዶላር ነበር ያመለጠኝ። በክፍት ስታዲየም የሚደረገው የበረዶ ሆኪ ጨዋታ ለአትላንታ ቢሰጥ ኖሮ እንግዶቹን ከኤርፖርት የማመላልሰው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ስታዲየሙንና ቡድኖቹን የሚመርጠው ሰውዬ ራሱ ታክሲዬ ውስጥ ገባ። «ጃንዋሪ ላይ በረዶው ሳይቀልጥ ይቆያል?» ብሎ ጠየቀኝ። አዎ ልለው ነበር፤ ግን ያማከረን ሰው ማሳሳት ነውር ነው። የነዳጅ ወጪዬንና ነዳጅ የሚበላውን የመኪናዬን ማቀዝቀዣ፣ ኤሲውን፣ የከፈትኩበትን ቀን የምጽፍበትን ደብተር አውጥቼ፣ «ባለፈው ጃንዋሪ ዘጠኝ ቀን ኤሲ ከፍቻለሁ» አልኩት። «እዚህ እውነቱን የነገረኝ አንተ ብቻ ነህ» አለኝ።

ጨዋታው ወደ ሰሜን፣ ለሰሜን ቡድኖች ሄደ። የሥራ ባልደረባዬ ከድር፣ «ጋሼ፣ ሦስት ሺውን በአፍዎ አቀለጡት!» ብሎ ሳቀብኝ። ሰውዬው ግን ከዚያ ወዲህ አትላንታ በመጣ ቁጥር የሚደውለው ለእኔ ነው። እስካሁን አርባ ጊዜ በሠላሳ ዶላር አድርሼዋለሁ፤ ሺህ ሁለት መቶ መሆኑ ነው። ሺህ ስምንት መቶው ኪሳራ ነው፤ ወዳጁ ግን ትርፍ። አልሐምዱሊላህ።