የጾመችው ወፍጮ

በጃንሆይ ጊዜ ንፋስ መውጫ ከተማ በሣጥን የመጣ ወፍጮ ልገጣጥም ሄድኩላችሁ። መዘውሩን ከነኩሽኔታው ዘንጉ ላይ ሰክቼ ባዞረው ሲጢጥ አለ፤ ለካ ማለስለሻው ግራሶ አብሮ አልመጣም። "በቃ፣ ቅቤ አምጡልኝ" አልኩ። ሥራዬን ቆመው የሚያዩት የሰፈሩ ቄስ ክው አሉ። "በሁዳዴ? ቅቤ የነካው ወፍጮ የፈጨውን ማን ይበላል?" ብረት አይጾምም ብዬ ልከራከር ስል ባለወፍጮው "ተው ወንድሜ፣ እህል የሚያመጣልኝ አጣለሁ" ብሎ ለመነኝ። እየተነጫነጭኩ ቅባኑግ ቀባሁት፤ ቶሎ ቶሎ ስለሚደርቅ በየጠዋቱ ሳጠጣው ከረምኩ።

የፋሲካ ዕለት ማለዳ ቄሱ ቅቤ በቅል ይዘው ከች አሉ። "ለኔ ነው አባ?" አልኳቸው እጄን ዘርግቼ።

"ለሷ ነው" አሉ ወደ ወፍጮዋ እያዩ። "ሁዳዴን ከኛ ጋር ጾማ የለም እንዴ? እሷም ትፈስክ እንጂ።"