አውቶብሱን ያስቆመው ሮክ
ከሞላሌ ወደ መሐል ሜዳ ስሄድ የሆነውን ስሙኝማ። አውቶብሱ ውስጥ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ውስጥ ወትፌ፣ ስልኬ ላይ የጫንኩትን የሮክ አልበም ከፈትኩ። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚመስል የኤሌክትሮኒክስ ድምፅ ላይ አንድ ሰውዬ የሚጮህበት ነው። ለካ ብሉቱዙ የተገናኘው ከአውቶብሱ ስፒከር ጋር ነው! ሾፌሩ "ፍሬኑ ነው!" ብሎ ዳር ይዞ አቆመ። ሰው ሁሉ እያማተበ ወረደ። ሞተሩ ጠፍቶም ጩኸቱ ሲቀጥል ገባኝና ቶሎ ዘጋሁት። ይቅርታ ልጠይቅ ስል ሾፌሩ ከመኪናው ሥር ወጣ፤ እጁ በዘይት ርሷል።

"የፍሬኑ ቱቦ እውነትም ተሰንጥቋል! ቁልቁለቱ ላይ አልቀን ነበር። ግን ያ ጩኸት ምን ነበር?"

ስልኬን አሳየሁት። አጠገቤ የነበሩት ቄስ የአልበሙን ሽፋን አዩት፦ ፊቱን ነጭ፣ ከንፈሩን ጥቁር የተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ ቀሚስ የለበሰ ወንድ።

"አመመው እንዴ?" አሉ በሐዘኔታ። "በሱ ነው የተረፍነው። ክርስትና ስሙን ንገረኝ ልጄ፣ በጸሎት ላስበው።"

ዘፋኙ ራሱን የሚጠራው "የሲኦል ሙሽራ" እያለ ነው።

"ኃይለ ሚካኤል ነው አባቴ" አልኳቸው።