ጋሽ ቀዩና ሰላምታ የማያውቀው ፈታኝ

የማሠልጠኛ ኮሌጁን ደረጃ የሠራው ሰው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሁለት ሰው ይተላለፍበታል ብሎ አላሰበም። ጠባብ ነው፤ መሀሉ ላይ ይታጠፋል፤ መብራቱም ደስ ሲለው ይበራል፣ ሲያኮርፍ ይጠፋል። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ መምህር የፈተና ወረቀት እስከ አገጫቸው ቆልለው በግምት ሲወጡ፣ አንዲት ወጣት መምህርት ደግሞ ኮምፒውተር ታቅፋ ስትወርድ፣ መታጠፊያው ላይ ግንባር ለግንባር ተገናኙ። ኮምፒውተሩ ተረፈ፤ ወረቀቱ ግን እስከ ምድር ቤት ድረስ ተበተነ።

«ይቅርታ አጎቴ፤ አመመዎት?» አለች ወጣቷ፣ ኮምፒውተሩን አስቀምጣ ወረቀቱን እየለቀመች።

«እኔን ተይኝና እሱን አንሺልኝ። የታረመውና ያልታረመው ተቀላቀለ እኮ።»

«አይዞዎት፤ የታረመው ከሩቅ ይለያል።»

እውነቷን ነው። እሳቸው ያረሙት ወረቀት ከነጭነቱ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ጠይም ሆነው ሳለ ተማሪዎቻቸው «ጋሽ ቀዩ» የሚሏቸውም በዚሁ በቀይ እስክሪብቷቸው ምክንያት ነው። አዲስ የገባ ተማሪ መልከ ቀይ መምህር ሲፈልግ ይከርምና፣ የመጀመሪያ ወረቀቱ ሲመለስለት ነገሩ ይገለጥለታል። ወጣቷ የወንድማቸው ልጅ ናት። ፕሮግራም መጻፍን ከእሳቸው ተምራ፣ ሌላ ቦታ ሠርታ፣ ዘንድሮ ባልደረባቸው ሆና ተመልሳለች።

ወረቀቱን ተካፍለው ተሸክመው ወደ መምህራን ክፍል ገቡ። ከጋሽ ቀዩ ጠረጴዛ አጠገብ አንድ ወንበር አለ፤ ጥያቄ ይዞ ለሚመጣ ተማሪ የተቀመጠ ነው። ይሁን እንጂ ወንበሩ ላይ ተማሪ ተቀምጦ ያየ ሰው የለም፤ ምን ጊዜም ወረቀት ተቆልሎበታል። የወንድም ልጅም መቀመጫ አጥታ ቆማ ቀረች።

«ያን ኮምፒውተር የት ልትወስጂው ነው?» አሉ ጋሽ ቀዩ፣ መነጽራቸውን እየወለወሉ።

«ወደ ታችኛው ክፍል። ለፈተና የሚሆን ድረ ገጽ ልተክልበት ነው። ተማሪው የጻፈውን ፕሮግራም እዚያ ያስገባል፤ ማሽኑ ፕሮግራሙን ራሱ እያስኬደ በልዩ ልዩ ቁጥር ይሞክረዋል፤ ከዚያ ትክክል የሆነውንና ያልሆነውን ወዲያው ይነግረዋል። ኃላፊያችን የዚህን ጊዜ ፈተና እንድሞክርበት ፈቅደውልኛል። ይቀጥል ወይስ ይቅር የሚለውን ግን እርስዎ ይወስኑ ብለዋል።»

«እኔ?»

«የክፍሉ አንጋፋ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ቀዩ መነጽራቸውን አጠለቁና የወንድማቸውን ልጅ እንደ አዲስ አዩአት። ሽማግሌው ለለውጥ ጆሮ ዳባ ልበስ የሚሉ ዓይነት ሰው አልነበሩም። ኮምፒውተር ክፍሉን የሚሞላ ዕቃ በነበረበት ዘመን ጎረቤቶቻቸው «ከብረት ጋር ያወራል» ሲሏቸው የኖሩ ናቸው። ማረምን ግን ከብረት ጋር ደርበው አስበውት አያውቁም።

«ልጄ፣ ክፉ አታስቢብኝ» አሉ ረጋ ብለው። «እኔ ፕሮግራሙን በጣቴ እየተከተልኩ ነው የማነበው። ልጁ የት እንደሳተ ብቻ ሳይሆን፣ ምን አስቦ እንደሳተም ይገባኛል። ለድካሙም ትንሽ ነጥብ እጥልለታለሁ። ያንቺ ማሽን ድካም የት ያውቃል?»

«አያውቅም፤ አልዋሽዎትም። ግን ልጠይቅዎት። ልጁ ምን አስቦ እንደሳተ ሲገባዎት፣ ለልጁ የሚነግሩት መቼ ነው?»

«ወረቀቱ ሲመለስለት ነዋ።»

«ወረቀቱ የሚመለሰው ቀጣዩ ትምህርት ከተጋመሰ በኋላ ነው። እኔ ራሴ ተማሪዎ ሳለሁ የጻፍኩትን ረስቼው ነበር የሚመለስልኝ። ነጥቡን አይና አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። ያ ሁሉ የጻፉልኝ ምክር፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ አላነበብኩትም።»

ይህ ንግግር ሽማግሌውን ቆረጣቸው። ዓይናቸው እስኪቀላ የጻፉት ያ ሁሉ ምክር ታጥፎ ቦርሳ ውስጥ መክረሙን ማን ነግሯቸው ያውቃል? ቢሆንም አልተቆጡም፤ ያሳሰባቸው ሌላ ነገር ነበር። ወረቀቱን አስተካከሉ፣ መልሰው አበላሹት፣ እንደገና አስተካከሉት።

«እሺ፤ ይሁን» አሉ በመጨረሻ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ማረሙን ማሽን ከወሰደው፣ እኔ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ?»

አንባቢ ሆይ፣ ክርክሩ ሁሉ ያለው እዚህች ላይ ነው። ሰው አዲሱን ነገር የሚጠላው ነገሩ መጥፎ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የራሱን ቦታ ፍለጋ ሲያማትር ስለሚያጣውም ነው። የወንድም ልጅም «መጥተው ይዩት፤ ከዚያ እንነጋገራለን» ብላ ኮምፒውተሯን ልታነሳ ወጣች።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ በታችኛው ክፍል በየኮምፒውተሩ ፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። ጥያቄው ቀላል ነው። የአንድ ሥጋ ማቀዝቀዣ መጋዘን ሙቀት በየሰዓቱ ይለካል፤ ቁጥሮቹን ተቀብሎ ከሁሉ ትልቁን የሚናገር ፕሮግራም ጻፉ የሚል ነው። ጋሽ ቀዩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው በር ላይ ቆመዋል። ተማሪዎቹ ጽፈው «አስረክብ» የምትለውን ቁልፍ ሲጫኑ፣ የሁሉም ስክሪን አንድ በአንድ በቀይ ተሞላ። ጎበዙም ዜሮ፣ ሰነፉም ዜሮ።

ክፍሉ ማጉረምረም ጀመረ። የወንድም ልጅ ፊቷ አመድ መሰለ። ከአንዱ ስክሪን ወደ ሌላው ስትሮጥ ቆይታ፣ በመጨረሻ አንደኛው ላይ ቆማ አነበበችና እጇን አፏ ላይ አደረገች።

ጋሽ ቀዩ ቀስ ብለው ተጠጉ። «ምን ይላል?»

«አጎቴ፣ የሁሉም ፕሮግራም መልሱን ከመናገሩ በፊት ‹እንደምን ዋሉ፤ እባክዎን ቁጥሩን ያስገቡልኝ› ይላል። ማሽኑ የጠበቀው ቁጥር ብቻ ነበር።»

ተማሪዎቹ ይህን ከራሳቸው አላመጡትም። ጋሽ ቀዩ በመጀመሪያው ቀን ትምህርታቸው ምን ጊዜም የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ ፕሮግራምም ቢሆን ሰው ፊት ሲቀርብ ሰላምታ ያስቀድም፣ ሲለምንም እባክዎን ይበል። ሰላም የማይል ፕሮግራም በእሳቸው ዘንድ ነጥብ ይቀነስበታል።

«እና ልጆቼ የወደቁት ሰላም ስላሉ ነው?» አሉ። ለመኮሳተር ሞክረው ነበር፤ አልቻሉም። ሳቁ ከሆዳቸው መጥቶ ትከሻቸውን ነቀነቀው፤ ተማሪዎቹም ተከተሏቸው። «እንዲህ ያለ ባለጌ ፈታኝ አይቼ አላውቅም» እያሉ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም፤ የእኔ ነው» አለች የወንድም ልጅ። «ምን እንዳስተማሯቸው ሳልጠይቅ ነው የተከልኩት። አሁን መልሱን ከመጨረሻው መስመር ላይ ብቻ እንዲያነብ አደርገዋለሁ። ከዚያ በፊት የፈለጉትን ያህል ሰላም ይባባሉ።»

«ሰላምታው ይቅር አትይኝም?»

«ኧረ አልልም። ያንን እኮ እኔንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ተቀምጣ ጥቂት ነገር አስተካከለች፤ አንድ ቁልፍ ተጫነች። ተማሪዎቹ ከመቀመጫቸው ሳይነሱ የሁሉም ነጥብ እንደገና ታረመ፤ እዚህም እዚያም ከቀረ ቀይ በቀር ክፍሉ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። ጋሽ ቀዩ ሳቃቸውን አቆሙ። ነገሩን በልባቸው መዘኑት። አንድ ጊዜ እሳቸውም የፈተና መልስ ተሳስተው፣ ያን ሁሉ ቁልል ከላይ እስከ ታች እንደገና ማረም ነበረባቸው። ወገባቸው ያን ጊዜ የያዘው ሕመም እስካሁን አለቀቀም።

ተማሪዎቹ ሲወጡ የወንድም ልጅ ወንበር ሳበችላቸው። «አሁን እርስዎ ይፈተኑ» አለች ፈገግ ብላ። «ለክፍሉ የሚሰጡትን የራስዎን መልስ ያስገቡ።»

«የኔን? ይህን መልስ ስንት ዘመን አስተምሬበታለሁ።»

«ታዲያ ምን ቸገረዎት?»

ጋሽ ቀዩ እጅጌያቸውን ሰብስበው፣ ሰላምታውን ሳይዘነጉ፣ ጻፉ። ተጫኑ። አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፣ አረንጓዴ፤ በመጨረሻ አንድ ቀይ።

«ማሽንሽ ተሳስቷል» አሉ ሳይጨነቁ።

«ሊሆን ይችላል። እስቲ በጣትዎ ይከተሉት። በዚህኛው ሙከራ መጋዘኑ በደንብ ቀዝቅዟል፤ ቁጥሮቹ በሙሉ ከዜሮ በታች ናቸው።»

ሽማግሌው ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አሳርፈው እንደ ልማዳቸው እያንሾካሾኩ ተከተሉ። «መጀመሪያ ትልቁ ዜሮ ነው እንላለን። ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ከዜሮ ጋር እናወዳድራለን። አይበልጥም። ሁለተኛውም አይበልጥም። ሦስተኛውም...» ጣታቸው ቆመ። «አንዱም አይበልጥም። መጨረሻ ላይ ዜሮ ብሎ ቁጭ ይላል። ሥጋው ድንጋይ ሆኖ ሳለ የኔ ፕሮግራም ሊቀልጥ ነው እያለ ሰው ያስደነግጣል።»

ወደ ወንድማቸው ልጅ ዘወር አሉ። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«እንደ እርስዎ ነበር የምጽፈው። ሥራ በገባሁ ሰሞን አንዱ ማሽን ሳያፍር ነገረኝ።»

ከዚህ በኋላ የሆነውን የወንድም ልጅ ለሰው ስታወራ ድምፅዋ ይለሰልሳል። እኚያ አንጋፋ መምህር ወንበሩን ወደ ፊት ሳቡ። ከዜሮ መጀመሩን ትተው ከመጀመሪያው ቁጥር እንዲጀምር አደረጉ። ሌላ ቦታ ላይ ግን ቸኩለው አንድ ምልክት ረስተው ነበርና፣ ሲጫኑ ሁሉም ቀላ። «ቆይ፣ ቆይ» አሉ፣ ማንም ሳያስቸኩላቸው። አስተካክለው እንደገና ተጫኑ። ሁሉም አረንጓዴ ሆነ። ልባቸው ቅቤ ጠጣ። ምንም ሳይቀይሩ፣ ለማየት ብቻ፣ ደግመው ተጫኑት።

«አየሽ» አሉ፣ «ስህተቴን ያወቅኩት ገና ትኩስ ሳለ ነው። ምን አስቤ እንደሳትኩ አሁን ይገባኛል። ሳምንታት አልፈው ቢሆን ኖሮ ማሽኑን ተሳድቤ እተኛ ነበር።»

ደስታው ደግሞ ተንኮል ወለደ። ማለቂያ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚዞር ፕሮግራም ጻፉና አስገቡበት። ማሽኑ ጥቂት ታግሦ «ጊዜው አልፏል» ብሎ አቆመው። እያንዳንዱ ፕሮግራም ለብቻው ተዘግቶበት ስለሚሠራ የሌላውን እንደማይነካ የወንድም ልጅ ነገረቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«መለኪያው ቢበላሽና አንድም ቁጥር ባይመጣስ? ባዶ ዝርዝር?»

የወንድም ልጅ የሙከራዎቿን ዝርዝር ከፍታ አየች። «እሱን... አላሰብኩትም። ሙከራዎቼ ውስጥ የለም።»

«የለም? ባዶ ዝርዝር ላይ የማይወድቅ ተማሪ እኮ የለም። ሁለት እኩል ትልልቅ ቁጥር ሲመጣስ? አንድ ቁጥር ብቻ ሲመጣስ? ቁጥር በተጠየቀበት ፊደል ቢገባስ? ልጄ፣ እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የተማሪ ስህተት ስለቅም የኖርኩ ሰው ነኝ። ተማሪ የሚወድቅበትን ጉድጓድ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ እዚህ ቤት ምን እሠራለሁ ብለው አልነበር የጠየቁኝ?» አለች በዝግታ። «ያን ዕለት መልስ አጥቼ ነው የወጣሁት። ማሽኑ መሞከር እንጂ ምን እንደሚሞክር አያውቅም። የእርስዎ እውቀት እስካሁን ቀይ ቀለም ሆኖ ቦርሳ ውስጥ ሲቀር ኖሯል። እዚህ ውስጥ ያስገቡልኝ፤ ለሁሉም ልጅ፣ በተሳሳተባት ደቂቃ ይድረሰው።»

ጋሽ ቀዩ መነጽራቸውን አወለቁ። መወልወል የሚያስፈልገው መነጽሩ ብቻ አልነበረም።

በመምህራኑ ስብሰባ ላይ ኃላፊው ሐሳባቸውን ሲጠይቋቸው፣ ሽማግሌው ተነሥተው ንግግር አደረጉ። «ወረቀት ሳርም የላይኛውን በትዕግሥት፣ የታችኛውን በድካም ነው የማርመው። ይህ ፍርድ አይደለም፤ የወገቤ ሁኔታ ነው። ማሽኑ ግን የመጀመሪያውንም የመጨረሻውንም እኩል ያያል። ተማሪውም ወድቆ ወዲያው ይነሣል፤ መውደቁን ከወር በኋላ አይሰማም። ማሽኑ የማያውቀው ነገር አለ። ፕሮግራሙ ለሚያነበው ሰው ግልጽ ነው ወይ? አጻጻፉ ንጹሕ ነው ወይ? ያንን ዓይኔ እያለ እኔ አየዋለሁ፤ ለዚያም ከነጥቡ ድርሻ ይተውልኝ። የቀረውን ጉልበቴን ለማስተማር ልጠቀምበት። እኔ ይቀጥል ብያለሁ።» ኃላፊውም ይቀጥል አሉ።

የሚቀጥለው ትምህርት በተጀመረ ሰሞን፣ የወንድም ልጅ አዲሶቹን ሙከራዎች ልታማክራቸው ወደ መምህራን ክፍል ገባች። ወረቀቱ ከወንበሩ ላይ የለም። ወንበሩ ላይ አንዲት ተማሪ ተቀምጣ «ጋሼ፣ ባዶው ዝርዝር ላይ ለምን እንደሚወድቅብኝ አልገባኝም» ትላለች። ከኋላዋ ሌላው ተራውን ይጠብቃል። ጋሽ ቀዩ በቀይ እስክሪብቷቸው ባዶ ሣጥን ሥለው፣ ጣታቸውን ሣጥኑ ላይ አሳርፈዋል።

«እስቲ የመጀመሪያውን ቁጥር ከዚህ አውጪልኝ» ይሏታል።

«ምንም የለበትም እኮ።»

«ፕሮግራምሽም ይህንኑ ነው ያለሽ።»

ተማሪዋ ሳቀች። ጋሽ ቀዩ ቀና ሲሉ የወንድማቸውን ልጅ በሩ ላይ አዩአት።

«ትንሽ ጠብቂ ልጄ» አሉ። «እንደምታይው መቀመጫ የለም።»

ግድግዳውን ተደግፋ፣ ደስ እያላት፣ ቆማ ጠበቀች።