በዘይት ላስቲኩ ውስጥ የቀረችው አረፋ፦ የአቶ ምስጋኑ ደግሰው ዜና ሕይወት

ይህን ጽሑፍ የምታነብላችሁ የአቶ ምስጋኑ ልጅ ምሥራቅ፣ ከዚህ በታች እስከ ትናንት ድረስ ለማንም፣ ለእናቷም ሆነ ለንስሐ አባቷ፣ ነግራው የማታውቀው ነገር ስላለና «እኔ» ለማለት አንደበቷ አልደፍር ስላላት፣ ስለ ራሷም እንደ ሌላ ሰው መጻፏን እናንተ ልታስተዛዝኑ የመጣችሁ ወገኖች እንድትረዱላት ትለምናለች።

አቶ ምስጋኑ ከአባታቸው ከመሪጌታ ደግሰው የኔሰው እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ጋሻዬ በ1950 ዓ.ም. በኩልመስክ አጠገብ ተወለዱ። ከአባታቸው ዘንድ ዳዊት ደግመው፣ ዘመናዊውን ትምህርት ላሊበላ እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተከታተሉ በኋላ በእንስሳት ክትባት ሙያ ሠልጥነው፣ ከፍላቂት እስከ ጋሸና ባለው ደጋ ከብት ያለው ሰው ሁሉ የሚያውቃቸው ሠራተኛ ሆኑ። በ1976 ዓ.ም. ወይዘሮ ሙሉሃብትን በተክሊል አግብተው ምሥራቅንና ኪዳንን ወልደዋል።

ለሥራ የተሰጠቻቸው ባለ ሁለት ምት ሞተር ሳይክል ከእርሳቸው በፊት ሦስት ሰው የነዳት አሮጌ ስትሆን፣ ዘይቷ ከመቀመጫው ሥር ካለው መያዣ በቀጭን ላስቲክ፣ ሞተሩን ወደሚያለሰልሰው የዘይት ፖምፓ ይወርድ ነበርና፣ ላስቲኩ በተሰነጠቀ ቁጥር አቶ ምስጋኑ በሽቦና በጨርቅ ጠፍረው፣ የክትባቱን የበረዶ ሣጥን ከኋላ ጭነው ይሄዱ ነበር። የፍላቂት ገበሬዎች መንገድ ላይ የተንጠባጠበውን ዘይት እያዩ «ጋሽ ምስጋኑ ዛሬም ድንጋዩን ቅባት ቀብተውት አልፈዋል፤ ከብቱን ያዙ!» ሲሉ፣ እርሳቸውም «እናንተ ደግሞ ሳትጠሩ የምትመጡት በእሷ ምልክት አይደል?» ብለው ይመልሱ ነበር። ከሥራ ሲመለሱ ደግሞ የጎረቤት የተበላሸ ኩራዝ፣ ሬዲዮና የልብስ ስፌት መኪና ደጃቸው ላይ ተደርድሮ ይጠብቃቸዋል፤ ያለ ጥገና የተመለሰ ዕቃም እምብዛም አልነበረም።

በ2001 ዓ.ም. ሰኔ ወር አሮጌው ላስቲክ ጨርሶ ስለ ተበጣጠሰ፣ አቶ ምስጋኑ ከጤና ጣቢያ በተገኘ የግሉኮስ መስጫ ላስቲክ ሊቀይሩት ግቢያቸው ውስጥ ተቀመጡ። ከሞተሯ ጋር የመጣው መጽሐፍ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ስለ ነበር፣ በዚያ ዓመት መምህርት የሆነችውን ልጃቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው እንድታነብላቸው ሲያደርጉ፣ ሊያዩ ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች «አሁን እንግዲህ ባለሙያዋ እሷ ናት፣ እኔ እጇ ነኝ» ይሉ ነበር። ምሥራቅ ከሥዕሉ ሥር ያለው ረጅም አንቀጽ አልገባትም። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አልገባኝም ማለት አፍራ ዘለለችው። ላስቲኩ ውስጡን የሚያሳይ ነጭ ነበርና፣ አባቷ ዘይቱን ሞልተው ሲያበቁ መካከሉ ላይ የስንዴ ፍሬ የምታህል አረፋ ቆማ አዩ።

«ይቺ አረፋ ምንድን ናት? መጽሐፉ ስለ እሷ ምን ይላል?»

«ምንም አይልም፣ አባዬ።»

«ምንም ካላለ ምንም ናታ!» ብለው የመቀመጫውን ብሎን አጠበቁ።

በማግስቱ ከጋሸና ቁልቁል ሲወርዱ፣ ፖምፓው በዘይት ፈንታ አየር ይዞ ስለ ነበር ሞተሩ ደርቆ ነከሰ፣ ውስጡ ተጣብቆ መዞር አቆመ፤ የኋላው ጎማም በአንድ ጊዜ ተቆልፎ አቶ ምስጋኑን ከቦይ ጣላቸው፤ የዳሌ አጥንታቸውም ተሰበረ። ስምንት ወር ተኝተው በምርኩዝ ሲነሡ፣ ለሚጠይቃቸው ሁሉ የሚሰጡት መልስ «ጥፋቱ የእጄ ነው፤ እጄ አርጅቷል» የሚል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፒንሳም ካቻቢቴም አልያዙም፤ ሬዲዮ ይዞ የመጣውንም «ይቅርታ አድርግልኝ፣ አላምነውም» እያሉ እጃቸውን ዘርግተው አሳይተው ይመልሱት ነበር። ምሥራቅ ይህን አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አየች። ስንት ጊዜ ልትነግራቸው ጀምራ፣ ቀና ብለው «ምን ልትዪኝ ነበር ልጄ?» ሲሏት፣ እንደዚያን ዕለቱ «ምንም» ትላቸው ነበር።

አቶ ምስጋኑ በልብ ድካም ሁለት ዓመት ሲታከሙ ቆይተው፣ ባለፈው ሳምንት ሕመሙ ጸናባቸው። ትናንት ከቀትር በኋላ ምሥራቅ መጽሐፉን ይዛ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ይሁንና ዐይናቸው ተከድኖ ስለ ነበር መስማታቸውን አታውቅም። እጃቸውን ይዛ «ጥፋቱ የእርስዎ እጅ አይደለም» ስትል እጃቸው አልተንቀሳቀሰም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ምስጋኑ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ሙሉሃብትን፣ ልጆቻቸውን ምሥራቅንና ኪዳንን፣ የልጅ ልጃቸውን ኢያቄምን፣ ታናሽ እኅታቸውን ወይዘሮ አመተ ማርያምንና ከብቶቻቸውን ያዳኑላቸውን የዚያን ደጋ ገበሬዎች ትተው ሄደዋል። የድካማቸውን ሁሉ ቍጥር የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን ከአብርሃም፣ ከይስሐቅና ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ያለ ጥፋታቸው የተሸከሙትንም እርሱ ያውርድላቸው። እናንተም ከዛሬ ጀምሮ ስማቸውን ስታነሡ፣ እጃቸው ትክክል እንደ ነበረ እንድትናገሩላቸው ልጃቸው ትለምናችኋለች።

ዛሬ ጠዋት፣ ድንኳኑ ከመተከሉ በፊት፣ ምሥራቅ ወደ ጓሮ ዞራ፣ ከዚያ አደጋ ወዲህ የሚጠይቃት ጠፍቶ እዚያው የቀረችውን ሞተር ከሸራዋ ገለጠቻት። የደረቀውን ላስቲክ አባቷ እንደሚያደርጉት በጨርቅ ጠፈረች፤ ዘይት ጨመረች፤ ያን የዘለለችውን አንቀጽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ በአማርኛ አነበበችና፣ በሚለው መሠረት ከፖምፓው ጎን ያለችውን ትንሽ ብሎን አላላች። አረፋ ወጣ፣ ደግሞ ወጣ፣ ኋላም ንጹሕ ዘይት ብቻ ወረደ፤ ያን ጊዜ ብሎኑን አጠበቀችው። ማስነሻውን በእግሯ ብትረግጠው አልነቃነቅ አላት፤ የነከሰ ሞተር ነውና። ነጠላዋ ላይ የምታዩት እድፍ የዚያ ዘይት ነው፤ ለመቀየርም ሆነ ለማጠብ አልፈለገችም።