በደረቅ አይወለወልም

...ገመዱ ላላ፤ ከዚያ ከኋላ ባለችው ነጭ መኪና ውስጥ የተቀመጠው ሰውዬ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መጮህ ጀመረ። ትዝታዬ ሁልጊዜ እዚህ ላይ ይቆረጥብኛል። ምን ብሎ ነበር የጮኸው? ቱሪ፣ አንተ በሩ ላይ ቆመህ ነበር።

«‹ሰውዬ፣ ገመዱን አታላላው! መኪና ነው የምትጎትተው ወይስ ፍየል?›»

እሱ ነው፣ አመሰግናለሁ። እንግዲህ ወዳጆቼ፣ ማስትሩ ቺሪኖ ወደዚህ ጋራዥ የመጣው እንደዚያ ነው፤ ተጎትቶ። የጎታች መኪና ሹፌር ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቶ ሥራ ሊጠይቅ ከሪፖስቶ ሲወጣ የሚነዳት መኪና ዳገቱ ላይ ቆመችበት። የሚጎትቱት ደግሞ የሚቀጥሩት ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማርና አሮጌው ባርባጋሎ ነበሩ። እኔ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ስልክ እመልሳለሁ። ባርባጋሎ ከጂፑ ወረዱ፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል።

«ቬኔራ፣» አሉኝ፣ «ይህን ሰው ወይ ቅጠሪው ወይ ግደይው።»

መሳቢያዬ ውስጥ የነበረው የቅጥር ቅጽ ብቻ ነው። አለዚያ ዛሬ ሽኝት አይኖርም ነበር።

ተቀጥሮም ግን ወደ ውስጥ አልገባም። መጀመሪያ ባልዲ ጠየቀ። እሳት የምትተፋው ተራራችን ሌሊቱን አመድ ስታዘንብ አድራ ነጯ መኪና ጥቁር ሆና ነበር። ቱሪ እንግዳ ላክብር ብሎ ጨርቅ ይዞ ወደ ኮፈኑ ተጠጋ። ከዚያ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ በእያንዳንዳችሁ ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ደርሷልና። በሉ አብረን እንበለው፤

«በደረቅ አይወለወልም!»

ደግማችሁ አትበሉት፤ ይበቃል። እየሳቀ ነው። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ ጥርሱን ያየሁት ስድስት ጊዜ ይሆናል፤ ይህ ሰባተኛው ነው።

የእኛ አመድ ከምድጃ የሚዛቀው አይደለም፤ የተፈጨ ጠርሙስ ነው። ይህን እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል፤ እዚህ የተወለደ ሁሉ ግን ጠዋት ወጥቶ መኪናውን በክንዱ ይጠርጋል። ስለቸኮለ። ስላፈረ። ማስትሩ ቺሪኖ ብቻ ነው የማይቸኩለው። መጀመሪያ ውሃ፤ ከላይ፣ እጅ ሳይነካው፣ አመዱን ራሱ ይዞት እስኪወርድ። ከዚያ ሁለት ባልዲ፤ አንዱ ለሳሙናው፣ ሌላው ስፖንጁን ለማለቅለቅ። ከጣሪያ ወደ ታች፣ ጎማ መጨረሻ። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን አይታጠብም። ሲታሽም በቀጥታ ነው እንጂ እንደ ሊጥ በክብ አይደለም። አንድ ጊዜ ጳጳሱን የያዘው መኪና ቆሞባቸው ስንጎትት «ቸኩያለሁ፣ መታጠቡ ይቅር» ሲሉት ምን አላቸው? ኔሎ፣ አንተ ነህ የምታሳምረው።

«‹አባታችን፣ እርስዎ ነፍስ በጥድፊያ ያጥባሉ?›»

ጳጳሱም ተቀምጠው ጠበቁ።

የተጎተተን መኪና ሳያጥብ ለባለቤቱ መልሶ አያውቅም። አስከፍሎበትም አያውቅም። ለምን እንደሆነ አንዴ ጠየቅሁት። «መኪናው የሞተበት ሰው ሌላ ምን እንዲያይ ትፈልጊያለሽ?» አለኝ።

አሮጌው ባርባጋሎ ያረፉ ቀን ደግሞ... ኔሎ፣ አባትህ ናቸውና ፍቀድልኝ። ሬሳው ከቤተ ክርስቲያን ወጥቷል። ባንዱ ይነፋል፣ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፣ ከላይ አመድ ይንሾካሾካል። የቀብር ሹፌሩ መሐረቡን አወጣና የሬሳ መኪናውን ኮፈን ጠረግ አደረገ። ባንዱ ለትንፋሽ ያህል ቆም ባለበት ቅጽበት ያ ድምፅ ከኋላ መጣ፤ በደረቅ አይወለወልም! ጥሩንባ ነፊው ሁለተኛ አልጀመረም። ዶና ሳሪና፣ ባላቸው ሬሳ ሳጥን ውስጥ የተኙባቸው፣ በዕንባቸው መሃል «እውነቱን ነው» አሉ። ሁላችንም ባልዲ እስኪመጣ ቆመን ጠበቅን።

ፋርማሲስታችንንም አልረሳሁም። እዚህ የለም፤ ስለዚህ ልማው። ‹ጎታች አያስፈልገኝም፣ ወንድሜ ይጎትተኛል› ብሎ ገመዱን ፓራውልቱ ላይ አሰረ። ወንድምየው ነዳጁን ረገጠ። ፓራውልቱ ዛፌራና አደባባይ ደረሰ። መኪናው አልደረሰም። ማስትሩ ቺሪኖ ሄደ፤ አልሳቀበትም። ትንሿን የብረት ቀለበት ከዕቃው ሳጥን አውጥቶ፣ የምትጠመዘዝበትን ቀዳዳ አሳይቶት፣ «ማሰሪያዋ እዚህ ነበረች» አለው። እንደዚያ ነው የሚናገረው። እንደጠፋብህ እንጂ እንዳላወቅህ አያስመስልብህም።

አሁን ወረቀቴ ላይ ‹ታታሪና ቅን› የሚል ተጽፏል። እነሱን አነባቸዋለሁ። ታታሪና ቅን።

ሌላውን ከወረቀት ውጭ ነው የምናገረው። ታክሲው እስከ አምስት ይጠብቃል ብላችሁኛል። አሁን ሃያ ጉዳይ ነው።

የጭነት ጀርባ ያላት ትልቋ መኪና ከመምጣቷ በፊት የምንጎትተው በገመድ ነበር። ከመጣችም በኋላ በላይኛው መንደር ጠባብ መንገዶች አትገባም። ገመድ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ይጎትታል፣ ሌላው የሞተችው መኪና ውስጥ ይቀመጣል። ባለቤቶቹ አይሆኑም፤ ይንቀጠቀጣሉ። አንድ ቀን ጠረጴዛዬ ፊት መጥቶ «ስልኩን ተይውና ነይ» አለኝ። ቀሚስ ለብሼ ነበር።

ያስተማረኝ ሁሉ በቃሌ ነው። ቁልፉን አንድ ጊዜ አዙሪው፤ አለዚያ መሪው ይቆለፍና ገደል ነው። ሞተሩ ስለሞተ ፍሬኑ ድንጋይ ይሆናል፤ በሁለት እግርሽም ቢሆን ርገጪው። ቀዩን ጨርቅ ገመዱ መሃል ላይ እሰሪ፤ ዓይንሽን ከእሱ አታንሺ። ጨርቁ ከወደቀ ገመዱ ላልቷል ማለት ነው፤ የላላ ገመድ ሲወጠር ይመታል፣ ይበጠሳልም። ገመዱን የምትጠብቂው አንቺ ነሽ። እኔ ፊት ሆኜ ፍሬን አልይዝም፤ ፍሬን የምትይዢው አንቺ ከኋላ ነሽ፣ ቀስ እያልሽ። አንድ ክላክስ ዝግጁ ነኝ። ሁለት ክላክስ ቁም።

«ፈራሽ?» አለኝ።

«አልፈራሁም።»

«ፍሪ። የፈራ ሰው ገመድ አያላላም።»

አምስት ሜትር ገመድ ነበር። ሰው ሰውን በፊቱ ያውቀዋል ይባላል። እኔ ይህን ሰው በማጅራቱ ነው የማውቀው። ሲያስብ ወደ ግራ ያዘነብላል። ሲከፋው ቀጥ ይላል። ፀጉሩ ከየት በኩል መሸበት እንደጀመረ ሚስቱ ግራዚያ እንኳ ያወቀች አይመስለኝም፤ ነፍሷን ይማርና። ከኋላ ተቀምጦ ዓመት ሙሉ የሚያይ እንጂ ሌላ ማን ያውቃል?

ይቅርታ። ውሃ ስጡኝ። አይ፣ ወይን አይደለም።

ግራዚያ ከሞተች ዓመቷ ነበር። መቃብሯን ሊጎበኝ በነጯ ወጣ። ነጯ የእሷ ነበረች፤ እሱ ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ቀን ለምኖ ነው የወሰዳት። የመቃብር ስፍራው በር ላይ የሞተሯ ቺንጋ ተበጠሰ። ደወለልኝ። ጂፑን ይዤ ወጣሁ። ገመዱን አሰርን። መንገዱ ክፉ ስለሆነ እሱ ይጎትት፣ እኔ ነጯ ውስጥ ልቀመጥ። በሩን ከፈተልኝ። ግራዚያ አጭር ነበረች፤ ወንበሩ አሁንም ወደ ፊት እንደተሳበ ነው። እሱ ሲነዳት ጉልበቱን እንዴት እንደሚያጥፈው አላውቅም። እኔም ወደ ኋላ አልገፋሁትም። ጉልበቶቼ መሪውን እየነኩ ተቀመጥሁ። አንድ ክላክስ አደረግሁ። ወረድን።

ጥዶቹ ጋ ስንደርስ ተራራዋ ጀመረች።

መጀመሪያ ጣሪያው ላይ እንደ ሩዝ። ከዚያ መስታወቱ ደበዘዘ። ማጅራቱ ጠፋ። ከዚያ ጂፑ ጠፋ። ቀዩ ጨርቅ ብቻ ቀረ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ሁለት ክላክስ። ይቆማል፣ ይወርዳል፣ ውሃ ያፈስበታል፣ እንቀጥላለን። እጄ ክላክሱ ላይ ነበር።

የዝናብ መጥረጊያውን ከፈትሁት።

በደረቁ። እኔ! ይህችን ቃል ስድስት ዓመት ስሰማት የኖርሁት! ድምፁ አሁንም ጥርሴ ውስጥ አለ። ወዲያ አንድ ጊዜ፣ ወዲህ አንድ ጊዜ። መስታወቱ ላይ ሁለት ቀስቶች ተሳሉ።

«ለምን ክላክስ አላደረግሽም?» እያለ ነው ቱሪ። ሰምቼሃለሁ። እንዲቆም አልፈለግሁም፣ ቱሪ። ያ መንገድ አጭር ነው። ሁልጊዜ አጭር ነበር።

እዚህ ግቢ ስንደርስ ወረደ። መስታወቱን አየ። በአውራ ጣቱ ጥፍር ጭረቱን ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። እስኪጮህብኝ ጠበቅሁ። በሁላችሁ ላይ ጮኋል፤ በቀብር ሹፌር ላይ ጮኋል። «ከጣሪያው እንጀምር» አለና ባልዲውን አመጣ። አንዱን ስፖንጅ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አሥራ ስምንት ዓመት ስለ ጭረቱ አንድም ቃል አላለኝም።

ኔሎ አዲስ መስታወት አስመጣለት። ዕቃ ቤት እንደተጠቀለለ ከረመ፤ ለዳቦ ጋጋሪው መኪና ተገጠመ። «ይሄኛው ገና ያሳያል» ነበር መልሱ። የሚያሳየውን እኔም አይቻለሁ። ወደ ማታ ወደ ምዕራብ ስትነዳ ፀሐይ ቀስቶቹ ውስጥ ትገባና ሁለቱም ይበራሉ፤ መንገዱ አይታይም። ለአሥራ ስምንት ዓመት እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ነው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚሄደው። በየማታው ከቢሮዬ መስኮት አያለሁ። ዛሬ ባቡሩ ከጃሬ ጣቢያ ይነሳል፤ የሚሄደው ትሪየስቴ ከተማ፣ ልጁ ሎሬዳና ዘንድ ነው። ነጯ ግቢው ውስጥ ናት፤ ሰኞ ብረት ገዢው ይወስዳታል ብሎ ለኔሎ ነግሮታል።

ማስትሩ ቺሪኖ፣ አመሰግንሃለሁ ልል ነበር የተነሳሁት። ልበል። ቆሻሻ መኪና ለተጨነቀ ሰው አልመለስህም። የማያውቀውን ሰው አላሳፈርህም። ስልክ በምትመልስ ሴት ላይ ፍሬን የሚያህል ነገር ጥለህ፣ ዞር ብለህ አላየህም፤ ስላመንህ። ከዚያ በፊት ማንም ያን ያህል ያመነኝ የለም። ከዚያ በኋላም።

አንድ ነገር ብቻ ንገረኝና ሂድ። መስታወቱን ለምን አልቀየርኸውም?

...እሺ። ብርጭቋችሁን አንሱ። ቱሪ፣ አንተ ጠጥተህ ጨርሰሃል፣ ይቅዱልህ። ትሪየስቴ ነፋስ እንጂ አመድ የለም ይላሉ፤ ነፋሱ ደግ ይሁንልህ። ሎሬዳና ቡናህን አታቅጥንብህ። የልጅ ልጅህ ባልዲ መሸከም ይማርልህ፤ ሁለት ባልዲ። የሚጎትትህ ሰው ፍሬኑን ይወቅ። ከኋላህ የሚቀመጠውም ዓይኑን ከቀዩ ጨርቅ አያንሳ። መቶ ዓመት!

«መቶ ዓመት!»

እስከዚህ ድረስ ነው የተናገርሁት። ቺሪኖ ቆሞ ወይኑን እስከ አተላው ጠጣ። ብርጭቆውን አስቀመጠ፤ ኮቱን ለበሰ። የኔሎን ትከሻ መታ አደረገ፣ ቱሪን ሳመው። ከዚያ በጠረጴዛው ዙሪያ፣ በወንበሮቹ ጀርባ በኩል፣ ወደ እኔ መጣ። በፊቱ ሲመጣ ማየት አልለመድሁም። የት እንደማይ ጠፋኝ።

ከኪሱ የነጯን ቁልፍ አውጥቶ ወረቀቴ ላይ አስቀመጠው። ‹ታታሪና ቅን› የሚለው ላይ።

«ቬኔራ» አለ።

«አቤት።»

«በደረቅ እንዳትወለውያት።»

ማንም አልሳቀም። ሻንጣውን አንስቶ ሄደ። በግቢው በኩል ያለው የብረት በር አሮጌ ነው፤ ሁለት ጊዜ ካልተገፋ አይዘጋም። አንድ ጊዜ ተገፋ። ቆየ። ታክሲው ሞተሩን አስነስቶ ነበር፤ በስንጥቁ በኩል የግቢው ብርሃን ወለሉ ላይ ተኝቷል። ሁላችንም ብርጭቋችንን እንደያዝን ነበርን።

ከዚያ ሁለተኛው መጣ፤ በሩ ተዘጋ።