የአበባዋ ጋቢ

ደብረ ብርሃን፣ የኅዳር ጠዋት፤ ወይዘሮ አሰገደች ከጓሮው ግንብ ሥር፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሏ ከማይረግፈው ባለ ቢጫ አበባ ቁጥቋጦ አጠገብ፣ አንድ የወንድ ጋቢ ይዘው በልጅ ልጃቸው በምንትዋብ ላይ አፍጥጠዋል።

አሰገደች፦ ጎመኔ በሙሉ በውርጭ ነዶ ይህቺ የቆላ ተክል እንዴት ተረፈች? ስንቴ ራሴን ጠየቅሁ መሰለሽ!

ምንትዋብ፦ ግንቡ ከለላት ስትዪ አልነበር?

አሰገደች፦ ግንብ ጋቢ ያለብሳል? ይኼው፣ ከላይዋ ነው ያነሣሁት! የማን ነው?

ምንትዋብ፦ አስጥቼው ረስቼው ይሆናላ።

አሰገደች፦ እኛ ቤት ወንድ አለ? ደሞ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል!

ምንትዋብ፦ መናኸሪያ ሽንኩርት ሲያራግፍ የሚውል ሰው ምን ይሽተት?

አሰገደች፦ ይመር? ያ አባትሽ? እግሩ ግቢዬን ረገጠ?

ምንትዋብ፦ በግንቡ ዘሎ ነዋ። በበሩማ ከልክለሽዋል።

አሰገደች፦ ጉድ ፈላ! ልጄን፣ ጥሩወርቄን፣ ሸዋ ሮቢት አውርዶ ለወባ የሰጠ ሰው፣ አሁን ደግሞ አንቺን ሊወስድ ነው?

ምንትዋብ፦ ማን ወሰደኝ? አንቺ ስትተኚ አበባዋን ያለብሳታል፣ ሳትነሺ ያነሣላታል። ዛሬ የሽንኩርቱ መኪና ቀድሞ ገብቶበት ነው።

አሰገደች፦ ምን አገባው! የልጄ እጅ ነው የተከላት!

ምንትዋብ፦ ጉድጓዱን ማን ቆፈረ? እዚህ ጥግ ነፋስ አያገኛትም ያለው ማነው? አንቺማ “የቆላ ነገር እዚህ አይበቅልም” ብለሽ ስቀሽባቸዋል።

አሰገደች፦ አልሳቅሁም! ፈርቼ ነው። ልጄ ቆላ ስትወርድም ፈርቼ ነበር። ማን ሰማኝ?

ምንትዋብ፦ እኔ እሰማሻለሁ አይደል? እስከ ትምህርት ቤት በር ትሸኚኛለሽ፤ አባቴን የማየው ግን እንደ ሌባ ተደብቄ ነው።

አሰገደች፦ ይበለው! ቶሎ ሐኪም ጋ ቢያደርሳት ኖሮ…

ምንትዋብ፦ በምን ያድርሳት፣ እቴቴ? ወንዙ ሞልቶ መኪና አላልፍ ሲል፣ ጠቅልሎ በጀርባው ተሸክሟት ነው የሄደው። በዚሁ ጋቢ! ጥለቱን እንኳን አላወቅሽውም? ለሠርጉ የፈተልሽለት አንቺ ነሽ።

አሰገደች፦ ውሸቱን ነው! አፈ ጮሌ! እሱ ያለሽን ሁሉ… ነጠላሽን ለምን ታነሻለሽ? አንቺ ልጅ፣ ወዴት ነው? በሩን ምን ልትሆኚ ትከፍቺዋለሽ! ምንትዋብ! ኧረ ቆይ… ጋቢውን ያዢለት፣ ማታም ውርጭ ነው። ግንብ የሚዘል ሌባ ነው ብላለች በዪው! ሰው ከሆነ በበሩ ይምጣ!